ሁለት ዲስክ ሲቀላቀል
(ስለ ድርብ ፋይሎች አያያዝ አጭር ትምህርት)

ከአርት ፋኩልቲ ተማሪ



በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ ታሪክና ስለ አገር ዕድገት ብዙ ተጽፎ እናነባለን። እኔ ዛሬ ላቀርበው ያሰብሁት ጉዳይ ግን በመጀመሪያ ሲታይ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰና የመዝገብ ቤት ሥራ የሚመስል ነው። ይኸውም በሁለት ዲስክ ላይ ተለያይተው የኖሩ ፎልደሮች በአንድነት ሲቀላቀሉ፣ ድርብ ሆነው የሚገኙት ፋይሎች እንዴት መያዝ አለባቸው የሚል ጥያቄ ነው። «ይህ የኮምፒውተር ተማሮች ጉዳይ ነው እንጂ ለአርት ፋኩልቲ ተማሪ ምኑ ነው?» የሚል ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው ታግሦ እንዲያነብልኝ እለምነዋለሁ። እኔም እንደ እርሱ አስብ ነበርና፤ የነገሩን ክብደት የተረዳሁት በራሴ እጅ የሰው ስም ከመዝገብ ካጠፋሁ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተወለድሁት በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በሲሪንቃ ነው። በወሎ ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ሐዘንተኛውን የሚያጽናናው ቅሬ ነው፤ አዲስ አበቤው እድር የሚለው ማለት ነው። የሰፈራችን ቅሬ የአባላቱን ስምና ወርኃዊ መዋጮ በደብተር ሲጽፍ ኖሮ፣ በኋላ በኮምፒውተር ሠንጠረዥ መያዝ ጀመረ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢዋን ባዳረሰ ጊዜ፣ የመዝገቡ ቅጂ ያለበት ዲስክ ከሸሹት አባላት ጋራ አዲስ አበባ ገባ። ኮምፒውተሩ ግን በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በእህል መካከል ተደብቆ እዚያው ቀረ።

ከዚህ በኋላ አንዱ መዝገብ ሁለት ሆነ። አዲስ አበባ የነበሩት አባላት በዚያኛው ላይ መዋጯቸውን ጻፉ፤ አዲስ አባልም ጨመሩ። ጸሐፊው በሲሪንቃ በወረቀት የያዙትን፣ መብራት ሲመለስ በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ገለበጡ፤ የሞቱትንም፣ የከፈሉትንም፣ አዲስ የገቡትንም ጻፉ። ሁለቱ ፋይሎች ስማቸው አንድ ነው፤ ሆዳቸው ግን የተለያየ ነው።

በአንድ የክረምት ዕረፍት ወደ አገሬ በገባሁ ጊዜ ጸሐፊው አስጠሩኝና፣ «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህና እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርግልን» አሉኝ። «እሺ ጋሼ፣ በአንድ ሰዓት አልቆ ያገኙታል» አልሁ። ዲስኩን ሰክቼ ፎልደሩን በፎልደሩ ላይ ጣልሁት። ኮምፒውተሩ «በዚህ ስም የሚጠራ ፋይል አለ፤ ይተካ ወይስ ይታለፍ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀናቸውን አየሁ፤ ከአዲስ አበባ የመጣው አዲስ፣ የሲሪንቃው ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፈ ይመስላል። አዲሱ አሮጌውን ይተካ አልሁና ሻይ ለመጠጣት ወጣሁ።

በማግሥቱ ጸሐፊው መዝገቡን ከፍተው ሲመለከቱ፣ ባለቤታቸው የሞተባቸው አንዲት እናት ስማቸው የለም። እኒህ እናት በጦርነቱ ጊዜ ባላቸውን ቀብረው፣ አባልነቱን በራሳቸው ስም አዙረው፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ወር ሳያጓድሉ የከፈሉ ናቸው። «ልጄ፣ ከመዝገብ የወጣ ሰው ነገ ማን ይቀብረዋል?» አሉኝ ጸሐፊው። ቁጣ በድምፃቸው ውስጥ አልነበረም፤ ለእኔም የከበደኝ ያ ነው። ደግነቱ የወረቀቱ ደብተር አልተጣለም ነበርና፣ ሁለት ቀን ሙሉ እርሳቸው እያነበቡ እኔ እየጻፍሁ የጠፋውን መለስነው።

ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን ነው እንግዲህ ለአንባቢ የማቀርበው።

ስሕተቴ ምን ነበር?

የሲሪንቃው ፋይል አሮጌ የመሰለው የኮምፒውተሩ ሰዓት ሐሰተኛ ስለ ነበረ ነው። በብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ፣ መብራት በሌለበት ጊዜ ሰዓቱን የምታስኬድ፣ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች። እርሷ ስትሞት፣ ኮምፒውተሩ ከመብራት በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ፋብሪካው ከወሰነለት ቀን ይጀምራል። እንግዲህ ጸሐፊው ትናንት የጻፉትን ኮምፒውተሩ ከዓመታት በፊት እንደ ተጻፈ አድርጎ መዘገበው ማለት ነው። እኔም ምስክሩን ሳልመረምር ፈረድሁ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከዚህ ይብሳል። ቀኖቹ ትክክል ቢሆኑ ኖሮ እንኳ ፍርዴ ስሕተት ነበር። ሁለት ሰዎች አንዱን ጽሑፍ በተለያየ ቦታ ካረሙት፣ የኋለኛው የፊተኛውን እርማት አይዝም። «አዲሱ ይሻላል» የሚለው ደንብ የሚሠራው አዲሱ ከአሮጌው ተወልዶ እንደ ሆነ ብቻ ነው። የእኛዎቹ ግን አባትና ልጅ ሳይሆኑ ወንድማማቾች ነበሩ።

ሦስተኛ፣ የተተካ ፋይል እንደ ተሰረዘ ፋይል ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ አይገባም፤ በስፍራው ሌላው ይቀመጥበታል። ቅርጫቱን ከፍቼ ብፈልግ ባዶ ሆኖ ያገኘሁት ስለዚህ ነው። በዊንዶውስ ፎልደር በፎልደር ላይ ሲጣል ሁለቱ ይቀላቀላሉ፤ በማክ ኮምፒውተር ግን «ተካ» ማለት ነባሩን ፎልደር ከነሙሉ ይዞታው አስወግዶ አዲሱን ማስገባት ነውና፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው ተጠንቅቆ ያንብብ።

ድርብ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ድርብ የሚባሉት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። በአራት ቢከፈሉ ለማስተዋል ይቀላል።

1ኛ፦ ስማቸውም ሆዳቸውም አንድ የሆኑ። ከእነዚህ አንዱን ማስቀረት ጉዳት የለውም።

2ኛ፦ ስማቸው የተለያየ ሆዳቸው አንድ የሆነ። በስሙ ጫፍ ላይ «ኮፒ» ወይም በቅንፍ 2 የሚል ቁጥር የተጨመረባቸው ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ወገን ናቸው። ነገር ግን ሁልጊዜ አይደለም፤ ሰው ኮፒውን ከፍቶ ሲያርምበት ሊኖር ይችላልና።

3ኛ፦ ስማቸው አንድ ሆዳቸው የተለያየ። አደገኞቹ እነዚህ ናቸው። ኮምፒውተር ስም አይቶ ድርብ ናቸው ይላል፤ እነርሱ ግን ሁለት ናቸው።

4ኛ፦ ለሰው ዓይን አንድ፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የሆኑ። በቴሌግራም እንደ ፎቶግራፍ የተላከ ሥዕል በመንገድ ላይ ይጨመቃል፤ መጠኑ ያንሳል፤ የተነሣበት ቀን የተመዘገበበትም መረጃ ይራገፋል። እንደ ፋይል የተላከ ግን እንዳለ ይደርሳል። ስለዚህ ከሁለት ተመሳሳይ ፎቶግራፎች አንዱን ማስቀረት የሚሻ ሰው፣ ትልቁንና ከካሜራው የወጣውን ይያዝ።

በዚህ በአራተኛው ወገን የእኛ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። ሐሰን ብሎ የጻፈና ሀሰን ብሎ የጻፈ ለአንባቢ አንድ ሰው ጠሩ፤ ለኮምፒውተር ግን ሐመሩ ሐ እና ሃሌታው ሀ ፈጽሞ የማይዛመዱ ሁለት ምልክቶች ናቸው። ሠናይትና ሰናይት፣ ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሐይም እንዲሁ ናቸው። ከዚህ ሌላ፣ የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ መሥሪያ ቤትም ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ ጽሑፋችን በየድርጅቱ የፊደል ሶፍትዌር ይተየብ ነበርና፣ በአሮጌው የተተየበ ደብዳቤና በአዲሱ የተተየበ ቅጂው በወረቀት ላይ ሲታተሙ አንድ መስለው፣ በውስጥ ግን በጭራሽ አይገናኙም።

ማስረጃው ከምን ይገኛል?

ሁለት ፋይሎች አንድ ናቸው ወይስ አይደሉም ለማለት አራት ምስክሮች አሉ።

የመጀመሪያው ስም ነው፤ ከሁሉ ደካማው ምስክር እርሱ ነው።

ሁለተኛው መጠን ነው። መጠናቸው በአንድ ባይት እንኳ ከተለያየ በእርግጥ አንድ አይደሉም። መጠናቸው እኩል ከሆነ ግን አንድ ናቸው ለማለት አያስደፍርም፤ 50 የሚለውን 80 ብሎ የለወጠ ሰው መጠኑን ላይለውጥ ይችላል።

ሦስተኛው ቀን ነው። ስለ ሰዓቱ ባትሪ ከላይ ተናግሬአለሁ። በተጨማሪም ፋይል ከዲስክ ወደ ዲስክ ሲገለበጥ በዊንዶውስ «የተፈጠረበት» የሚለው ቀን የተገለበጠበት ቀን ይሆናል፤ «የታረመበት» የሚለው ግን የቀድሞው ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ፋይሉ ከመወለዱ በፊት ታርሞ ብታገኙት አትደነቁ። በእኛ አገር ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩ ይጨመራል። በሁለቱ ዲስኮች ላይ 2013 የሚባል ፎልደር ነበር። የጸሐፊው 2013 የእኛው ዓመት ነው፤ ማለት ከመስከረም 2020 እስከ መስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜ። የሌላው ግን በፈረንጆች 2013 የተነሡ የሠርግ ፎቶግራፎች ነበሩበት። ኮምፒውተሩ ያለ ምንም ጥያቄ ሁለቱን አዋሐዳቸውና፣ የሠርጉ ጭፈራና የቀብሩ ሒሳብ በአንድ ቤት ገቡ። ስለዚህ በፎልደር ስም ላይ ዓመት ስንጽፍ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጨመር ትንሽ ድካም ነው፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

አራተኛውና ታማኙ ምስክር ሃሽ የሚባለው ነው። ይህን የፋይሉ የጣት አሻራ ብንለው ያስኬዳል። ኮምፒውተሩ ፋይሉን ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው አንብቦ በስሌት አንድ አጭር ቁጥር ያወጣለታል። ኤስኤችኤ 256 በሚባለው ስሌት ይህ አሻራ በ64 ምልክቶች ይጻፋል። ፋይሉ ትንሽ ቢሆንም ትልቅ ቢሆንም የአሻራው ርዝመት አይለወጥም፤ በውስጡ ግን አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ከሥሩ ይለወጣል። ድርብ ፋይሎችን የሚፈልጉ ፕሮግራሞች በመጀመሪያ መጠንን አወዳድረው፣ እኩል የሆኑትን ብቻ አሻራቸውን ያወጣሉ፤ ይህም ሥራውን ያፈጥነዋል።

በአሮጌ ስሌቶች መታመን ግን ልክ አለው። ኤምዲ 5 በሚባለው በ2004 እ.ኤ.አ. የቻይና ተመራማሪዎች የተለያዩ ሆነው አንድ አሻራ ያላቸው ፋይሎች ሠርተው አሳይተዋል። ኤስኤችኤ 1 በሚባለውም በ2017 እ.ኤ.አ. የጉግልና የአምስተርዳሙ የሒሳብ ተቋም ሰዎች እንዲሁ አድርገዋል። ይህ ሆን ተብሎ በብዙ ድካም የተሠራ እንጂ በየቤቱ በአጋጣሚ የሚደርስ አይደለም፤ ቢሆንም አዲሱ ስሌት እያለ በአሮጌው መሥራት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። አሻራ ባይቶች አንድ መሆናቸውን ይመሰክራል እንጂ ትርጉማቸውን አያውቅም። የሠንጠረዥ ፋይልን ከፍቶ ምንም ሳይነኩ መልሶ ማስቀመጥ ብቻ አሻራውን ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ አሻራቸው አንድ የሆኑትን ኮምፒውተር ይለያል፤ አሻራቸው የተለያዩትን ግን ሰው ያነባል።

ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም

የአርት ተማሪ ነኝና ጥቂት ወደ ቤቴ ልመለስ። ይህ ሁሉ ድካም የብራና መጻሕፍትን ለሚያመሳክር ሰው የቆየ ሥራ ነው። የአገራችንን ብራናዎች በማይክሮፊልም ለማንሣት በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን አንሥቷል፤ የፊልሙም ቅጂ በአሜሪካ በሚኒሶታ፣ በኮሌጅቪል ይገኛል። በእነዚያ ውስጥ አንድ ርእስ ያላቸው ብዙ ቅጂዎች አሉ። መዝሙረ ዳዊት ብዙ ጊዜ ተገኘ ተብሎ አንዱ ይበቃል አልተባለም። ከአንዱ ገዳም የተገኘው በኅዳጉ ላይ የመሬት ስጦታ ተጽፎበት፣ ከሌላው የተገኘው የባለቤቱ ስም ሰፍሮበት ሊሆን ይችላልና።

ጣሊያናዊው ሊቅ ጆርጆ ፓስኳሊ በ1934 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ፣ ዘግይቶ የተገለበጠ ቅጂ ስለ ዘገየ ብቻ የከፋ አይደለም፣ ከጠፋ ጥሩ አባት ተወልዶ ሊሆን ይችላል ሲል አስተምሯል። እኛ ደግሞ ይህንኑ ገልብጠን፣ አዲስ ፋይል አዲስ ስለ ሆነ ብቻ የተሻለ አይደለም ብንል ተገቢ ነው። ዕድሜ የአንድን ጽሑፍ ዋጋ አይቆርጥም፤ የሚቆርጠው ምርመራ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል

ከዚህ እንደሚከተለው ቢሠራ ጥፋት አይደርስም ብዬ አምናለሁ።

1ኛ፦ ሁለቱን ዲስኮች አትንኩ። ሁለቱንም ወደ ሦስተኛ ዲስክ፣ «ሀ» እና «ለ» በሚባሉ ሁለት ፎልደሮች ውስጥ ገልብጡና በቅጂው ላይ ብቻ ሥሩ። እኔ ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት አላገኝም ነበር።

2ኛ፦ ከመገልበጥ በፊት ዲስኮቹን ከቫይረስ መርምሩ። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የዞረ ፍላሽ ፎልደሮቹን ደብቆ በእነርሱ ስም የሐሰት አቋራጭ የሚተክል ቫይረስ ሊይዝ ይችላል። ፎልደሩ ጠፋ ብሎ ዲስኩን የሚያጸዳ ሰው የተደበቀውን እውነተኛ ንብረቱን ያጠፋል።

3ኛ፦ በሃሽ የሚያወዳድር ፕሮግራም በሁለቱ ላይ አስኪዱና ዝርዝሩን አውጡ። ችካቭካ ወይም ዱፕጉሩ የሚባሉት በነጻ የሚገኙ ናቸው። በዚህ ጊዜ ምንም አትሰርዙ፤ ዝርዝሩን ብቻ አንብቡ።

4ኛ፦ ስማቸውም አሻራቸውም አንድ ከሆኑት አንዱን ወደ አዲሱ ፎልደር አሳልፉ። ስማቸው ከተለያየ ደግሞ ገላጭ የሆነውን ስም አስቀሩ።

5ኛ፦ ስማቸው አንድ ሆኖ አሻራቸው የተለያየውን ሁለቱንም አሳልፉ፤ ነገር ግን በስማቸው ላይ የመጡበትን ጨምሩ፤ ለምሳሌ «መዝገብ ከሲሪንቃ» እና «መዝገብ ከአዲስ አበባ» በማለት። በዚህ ስፍራ «ተካ» የሚለውን ቃል ከመዝገበ ቃላታችሁ ፋቁ።

6ኛ፦ የቀሩትን ጥንዶች አንድ በአንድ ከፍታችሁ አንብቡ። ቁጥራቸው እንደሚፈራው ብዙ አይሆንም፤ ብዙውን ኮምፒውተሩ አስቀድሞ ለይቶታልና።

7ኛ፦ ሥራው ካለቀ በኋላ የቀድሞዎቹን ዲስኮች ቢያንስ ለጥቂት ወራት ሳትነኩ አስቀምጡ። የጎደለ ነገር የሚታወቀው ባለቤቱ ሲፈልገው ነው።

ሠንጠረዥን ስለ ማዋሐድ

ፋይሎቹ ተለይተው ካለቁ በኋላ፣ ሁለቱን የቅሬ ሠንጠረዦች አንድ ማድረግ ሌላ ሥራ ነው። በዚህም ሦስት ነገር አጋጠመን።

አንደኛ፣ በሁለቱም ቦታ አዲስ አባል ሲገባ ቀጣዩ ተራ ቁጥር ተሰጥቶታል። ስለዚህ 147 የሚለውን ቁጥር በሲሪንቃ አንድ ሰው፣ በአዲስ አበባ ሌላ ሰው ይዞታል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚያዋሕድ ሰው ሁለቱን ነፍስ አንድ ያደርጋቸዋል። እኛ ለአንዱ አዲስ ቁጥር ሰጥተን፣ የቀድሞውን በአጠገቡ ጻፍንበት።

ሁለተኛ፣ በስም አጻጻፍ ምክንያት አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ስምን ከአባትና ከአያት ስም ጋር፣ ከመንደሩም ጋር ማነጻጸር ያሻል። በጥርጣሬ ግን ማንንም ከማንም አላዋሐድንም፤ ሰውየውን ጠርቶ መጠየቅ ከሁሉ ስሌት ይበልጣልና።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ወርኃዊ መዋጮው 20 ብር ነው እንበል። አንድ አባል በአዲስ አበባ መዝገብ የ3 ወር፣ በሲሪንቃ መዝገብ የ2 ወር ከፍሎ ተጽፏል። 5 ወር ነው ብሎ 100 ብር የሚደምር ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ የደረሰኙ ቁጥር ሲታይ አንዱ ክፍያ በሁለቱም ዘንድ ተጽፎ ነበርና እውነተኛው 4 ወር፣ 80 ብር ነው። ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን የጣለ ደግሞ ወይ 60 ብር ወይ 40 ብር አለ ይላል። መደመርም ስሕተት፣ መምረጥም ስሕተት፤ ትክክሉ እያንዳንዱን ደረሰኝ አንድ ጊዜ ብቻ መቁጠር ነው።

መደምደሚያ

ድርብ ሁሉ ጠላት አይደለም። በሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማእከል እርሻ ያለፈ ሰው፣ አንዱ የማሽላ ዝርያ በተለያየ መደብ ላይ ተደጋግሞ ተዘርቶ ያያል። ይህ ዘር ማባከን አይደለም፤ በአንድ መደብ የታየው ነገር የዝርያው ይሁን የመሬቱ የሚታወቀው በድግግሞሽ ነው። ግራና 1 እና ምስክር የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች ከዚያ የወጡት በእንዲህ ያለ ምርመራ ነው። እንደዚሁ አንድ ፋይል በአንድ ዲስክ ውስጥ አምስት ጊዜ ቢገኝ ትርፉ መጨናነቅ ነው፤ በአምስት ቦታ ቢገኝ ግን ዋስትና ነው። የፎቶግራፍ ባለሙያው ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ደንብም ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ከቤት ውጭ ይሁን ይላል። የሰፈራችን ሰዎች ይህን ደንብ ሳይሰሙ ነበር አንዱን ዲስክ ያሸሹት፣ ሌላውን በእህል ውስጥ የደበቁት፣ ደብተሩንም ያልጣሉት። የተማርሁት ነኝ ባይ እኔ ልሰርዘው የነበረውን ያዳነው ያ ጥንቃቄያቸው ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በየቤታችን በጦርነትና በስደት ምክንያት ሁለት ቦታ የተከፈለ መዝገብ፣ ፎቶግራፍና ደብዳቤ ያለን ጥቂቶች አይደለንም። በመጪው ዕረፍት «አንተ የተማርህ ነህ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ» ተብለን መጠየቃችን አይቀርም። ያን ጊዜ በአንድ ሰዓት አልቆ ያገኙታል አንበል። መዝገቡ ውስጥ ያለውን ሰው በዓይነ ኅሊናችን እንይ፤ ከዚያ በኋላ እጃችን ራሱ ይዘገያል። ለእኒያ እናት ስማቸው መመለሱን ልነግራቸው በሄድሁ ጊዜ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። «ወትሮስ የት ሄጄ ነበር?» አሉኝ፤ እኔም መልስ አልነበረኝም።